በነጭ ሸሚዝ ላይ የተሳለው ተራራ

ለሦስት ቀን መንገድ ሰዓሊው የያዘው አንድ ጠንካራ እርሳስ፣ አንድ መቅረጫ፣ መዳፍ የምታክል ደብተርና አልታጠፍ የሚል ግራ ጉልበት ነበር። ጉልበቱን ቤት ትቶት መውጣት ቢችል ደስ ባለው።

ሰዓሊ የሚባለውም ለወጉ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሱቅና የጋራዥ ሰሌዳ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ አራት ጣት የሚወፍር ፊደል፣ ጥቁር በነጭ ላይ። በዚህ ሥራው ያፍር ነበር። እውነተኛ ሰዓሊ የሚታወቀው በቀጭን መስመር ነው ብሎ ያምናል።

አሁን የታላቅ እህቱ ዓይን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ ቢበዛ አንድ ወር ብሏታል። እሷም አላለቀሰችም፤ ያደጉበትን መንደር፣ ወንዙ መንገዱን ሲቀይር ሰው ሁሉ ጥሎት የወጣውን፣ ከበላዩም የቆመውን ባለ ሦስት ጥርስ ተራራ አንድ ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ አለች። ራሷ እንዳትሄድ መንገድ የለም። ፎቶ እንዳያነሱላት ደግሞ ፎቶ ሁሉ ግራጫ ጭጋግ ሆኖባታል። ሄደህ ሳልልኝ አለችው። ያሳደገችው እሷ ናትና እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም።

አብሮት የወጣው ባሏ ነው፤ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ በእግር መሄድን እንደ ስድብ የሚቆጥር። ሻንጣው ውስጥ የተተኮሰች ነጭ ሸሚዝ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። ቤት ሲደርስ ይለብሳታል። ሚስቱ በበሩ ሲገባ የምትለየው በዚህች ሸሚዝ ነው፤ ሌላ ልብስ ከለበሰ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አታልፍም።

የመጀመሪያውን ቀን ዝናብ ጠመዳቸው። ጭቃው ጫማ ይይዛል፤ አንዱን እግር ሲያወጡት ሌላው ይሰምጣል። ሾፌሩ አርባ ዓመት መኪና ስነዳ እንዲህ ያለ መንገድ አላየሁም እያለ አጉረመረመ፤ ሰዓሊው መንገድ መሆኑን በምን አወቁ አለው። ከዚያ በኋላ ለመቀለድም አቅም አጡ። ማታ ዛፍ ሥር እርጥብ ልብስ ለብሰው ተኙ፤ ተኙ ከተባለ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሸምበቆው ገቡ። ከሰው በላይ የበቀለ ሸምበቆ ነው፤ ውሃው ጉልበት ይደርሳል። መሀሉ ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው የሆነ ነገር በኃይል ተነፈሰ። ጎሽ ነበር፤ ለብቻው የወጣ ሽማግሌ ጎሽ፣ ቀንዱ በጭቃ የተለበጠ። ሾፌሩ የሰዓሊውን ክንድ ይዞ ወደ ታች ጎተተው፤ ሁለቱም ውሃው ውስጥ እስከ አንገታቸው ተቀመጡ። ጎሹ አየ፣ አሸተተ፣ ቆመ። ፀሐይ ከራሳቸው በላይ ወጥታ ወደ ጎን እስክታዘነብል ድረስ አልሄደም። ሰዓሊው ያን ሁሉ ሰዓት ደብተሩን ከራሱ በላይ ይዞ ክንዱ ደነዘዘ። ጎሹ ሲሄድ ተነሡና መራመድ ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተራራው ታየ። የመንደሩ ግድግዳዎች ፈርሰው ሣር በቅሎባቸዋል። ሰዓሊው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እርሳሱን ቀረጸና እስከ እኩለ ቀን ሳለ። እያንዳንዷን ስንጥቅ፣ እያንዳንዷን ቁጥቋጦ፣ ከግርጌው የሚወጡትን ሦስት የጭስ ዓምዶች ሳይቀር ፀጉር በሚያክል ቀጭን መስመር አሰፈረ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ ኮራ።

ሾፌሩ ደብተሩን አቅርቦም አርቆም አየው።

«ቆንጆ ነው» አለ። «ግን እሷ አታየውም።»

«እርስዎ ሥዕል አያውቁም፣ ጋሼ።»

«ሥዕል አላውቅም። ሚስቴን ግን አውቃለሁ።»

ሰዓሊው ተናደደ፤ የተናደደውም እውነት ስለሆነ ነው። ወዲያው አራት ሰዎች ገጀራ ይዘው ከቁጥቋጦው ወጡ። ከሰል አክሳዮች ናቸው፤ ደኑን በስውር እየቆረጡ የሚያከስሉ። አለቃቸው ቅንድቡ በእሳት የተቃጠለ ሰው ነው። ደብተሩን ነጠቀ፣ ሦስቱን ጭስ በጣቱ ቆጠረ። የእነሱ የከሰል ክምር ጭስ ነበር። ቦታችንን ነድፈህ ለመንግሥት ልትሰጥ ነው አለው። ሰዓሊው ማለ፣ ተገዘተ፤ አልሰሙትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ አለቃው ደብተሩን የሚጨሰው ክምር ውስጥ ወረወረ፣ እርሳሱንም ሁለት ቦታ ሰበረው። ከዚያ ሂዱ አላቸው።

ሰዓሊው አልሄደም። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ደክሞት ነበር፤ ከጉልበቱ ሳይሆን ከውስጡ። ሆድ ባሰው፤ በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት እንባው መጣ።

«ለታላቅ እህቴ ነው» አለ። «ዓይኗ ሊጠፋ ነው። እዚህ ነው ያደግነው።»

ዓይኗ ለሚጠፋ ሰው ሥዕል ምን ያደርግላታል ብሎ ከአክሳዮቹ አንዱ ሳቀ። አለቃው ግን አልሳቀም።

ሾፌሩ ያኔ ሻንጣውን ፈታ። ላስቲኩን ገልጦ ነጩን ሸሚዝ አወጣና ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘረጋው።

«በዚህ ላይ ሳልላት። እንደ ሰሌዳህ አድርገህ።»

«ታዲያ እርስዎን በምን ትለይዎታለች?»

«በማጉረምረሜ ትለየኛለች።»

ሰዓሊው ከክምሩ ጠርዝ የቀዘቀዘ ከሰል አነሣ። እጁ ሥራውን ያውቃል። ጥቁር በነጭ ላይ፣ አራት ጣት የሚወፍር መስመር፤ አንደኛው ጥርስ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ከሥራቸው ወንዙ። ቁጥቋጦም ስንጥቅም ተወ። አለቃው ከኋላው ቆሞ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ የመሀከለኛው ጥርስ ወደ ግራ ዘመም ያለ ነው፣ በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ አለው። ሰዓሊው ቀና ብሎ አየና አስተካከለ። ከሰል ከጨርቅ ላይ እንደሚራገፍ ስለሚያውቅ ከአክሳዮቹ ዱቄት ለመነ፤ በውሃ አቅጥኖ በአፉ እየነፋ ረጨው፣ በፀሐይም አደረቀው። አለቃው ሸምበቆውን በዳር የሚያልፍ መንገድ እያሳየ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኛቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ቤት ሲደርሱ ቀትር ነበር። ሾፌሩ በጭቃ የተለወሰ ካፖርቱን እንደለበሰ በበሩ ገባ።

«ማነው?» አለች ሚስቱ።

ሾፌሩ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎሹና ስለ ጫማው ማማረር ጀመረ። አልጨረሰም፤ እጇን ዘርግታ ካፖርቱን ያዘች፣ ሽታህ ራሱ ይበቃል አለችው።

ሰዓሊው ሸሚዙን መስኮቱ አጠገብ ዘረጋላት። አፍንጫዋ እስኪነካው ተጠጋች። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ተከተለች፤ መሀል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዘመም ያለውን አልረሳኸውም።»

ረስቶት ነበር። ያስታወሰው ደብተሩን ያቃጠለበት ሰው መሆኑን ነገራት፤ ቀጭኑን ሥዕልም፣ እንዴት ኮርቶበት እንደነበርም ነገራት። እህቱ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሣ ሰማችው።

«ሞኝ» አለችው። «ዘንድሮ ከመንገዱ ላይ የሌላው ሰው ጽሑፍ ሁሉ አንድ በአንድ ጠፋብኝ። እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ያንተን ብቻ ነው። ገበያ ሄጄ ቤቴ የምመለሰው በሰሌዳዎችህ ነበር እኮ።»

ሰዓሊው ሠላሳ ዓመት ያፈረበት ሥራ እህቱን እየመራ ቤቷ ሲያስገባት እንደኖረ ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ጉልበቱ እንዳበጠ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ከእህቱ ቤት ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ሰሌዳው ደብዝዟል። ፊደሎቹን ከድሮው አንድ ጣት አወፈራቸው።