ኤሊዋ አልይዝ አለች

የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት በር ከውስጥ ቆልፋ ሸሚዟን ስትገልጥ ኤሊዋ ሆዷ ላይ አልነበረችም። በአንድ ጎኗ ተላቅቃ የሱሪዋ ወገብ ላይ ተንጠልጥላለች። ሆዷ ውስጥ መሆን የነበረባት ቀጭን ቱቦ ውጭ ወጥታ፣ መድኃኒቱን የምታጠጣው ሸሚዟን ነው። ያ የሆስፒታል ሽታ አፍንጫዋን ሰነፈጣት።

«በቃ፣ ይቺም ሄደች» አለች ሚጣ ለራሷ።

ሚጣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሚጣ የሚለው ስም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተጣብቆባት ቀርቷል፤ አልጣበቅ ያለችው ኤሊዋ ብቻ ናት። ኤሊዋ የሚሏት አዲሷን የኢንሱሊን ፓምፕ ነው። ነጭ፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ማሽን ናት። ቆዳ ላይ ትለጠፍና ቀንም ሌሊትም ኢንሱሊኑን በጥቂት በጥቂቱ ትሰጣለች፤ በየጥቂት ቀኑ ጊዜዋ ሲያልቅ ትጣልና በሌላ ትተካለች። ሚጣን ከመርፌ ትገላግላለች ተብላ ነበር የመጣችው። እስካሁን ያተረፈችላት ግን ጭንቀት ነው።

በሩ ተንኳኳ። የወንበር ጓደኛዋ ናት።

«ምን ሆነሽ ነው? መምህሩ እኮ በሩን በሩን እያየ ነው።»

«ወደቀች።»

«እንደገና? ለምን በማስቲሽ አንለጥፋትም?» ብላ ሳቀች። ከውስጥ ሳቅ እንዳልመጣ ስታውቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የነገውስ ጉዞ?»

ሚጣ ምን ትበላት። ነገ ጠዋት ክፍሉ በሙሉ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ አዳር አለው። እናቷ የፈቀደችው በስንት ልመና ነው፤ እሱም ኤሊዋን ራሷ ለጥፋ፣ ሳትወድቅ ጊዜዋን ካስጨረሰቻት ብቻ። ያለዚያ ወይ ፍንክች።

ጣቷን ወግታ ስትለካ ስኳሯ ሽቅብ ወጥቷል። ምላሷ ላንቃዋ ላይ ይጣበቃል፤ እግሮቿ የሌላ ሰው እግር መስለዋል። ጓደኛዋ ከመምህሩ ፈቃድ ጠይቃላት ቦርሳዋን ይዛ እስከ ግቢው በር ሸኘቻት።

«ለእናትሽ ምንም እንዳትነግሪያት» አለቻት። «ሌላ ለጥፊና ጭጭ በይ። ማን ያያል? አታካብጂ።»

ሚጣ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ እያሰበች ሄደች። ደግሞም ታደርገው ነበር።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ መርፌ ከእጇ አይለይም። የሰው ልብስ ስትጠቅም እጇ ዝንፍ አይልም፤ የልጇን ሆድ ስትወጋ ግን ስንት ጊዜ ፊቷን አዙራ አልቅሳለች። ሚጣ ገና ትንሽ ልጅ ሆና በስኳር ከታመመች ጀምሮ ወጊዋ እሷ ነበረች። ማታ ማታ ደግሞ ቅባቱን መዳፏ ላይ ታሞቅና፣ «ይቅር በይኝ የኔ እናት» እያለች የወጋችውን ቦታ ታሽላታለች። ኤሊዋ ከመጣች ወዲህ መውጋቱ ቀርቷል። ማሸቱ አልቀረም።

ሚጣ ገና ከደጅ ስትገባ እናቷ የስፌት መኪናውን አቆመች። ፊቷን አይታ ሁሉንም አወቀች።

«ወደቀች አይደል?»

ጭጭ ማለት ያን ያህል ቀላል አልነበረም። እናቷ የድሮውን መርፌ አውጥታ ወጋቻት።

«ነገ ግን...» አለች ሚጣ።

«ነገ የለም ሚጣዬ። እዚያ ብትወድቅብሽ ማን አለሽ?»

«የክሊኒኩ ሲስተር ያለችኝን ሁሉ እኮ ነው የማደርገው! በአልኮል እጠርጋለሁ፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ ኤሊዋ ስትወጋኝ አልንቀሳቀስም። ምን ቀረኝ? አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ቀረኝ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ።»

ሚጣን ያንገበገባት ይሄ ነው። እናቷ ድሮ ሁሉን ታውቅ ነበር፤ ስንት እንደምትወጋት፣ መቼ ምን እንደምትበላ፣ ሌሊት ለምን እንደሚያልባት። አሁን ሁለቱም ከአንዲት ኤሊ ፊት ቁጭ ብለው ይፋጠጣሉ። እሷም ቤት ከቀሩት የመጨረሻዋ ናት፤ ክሊኒኩ ሌላ እስኪሰጣቸው ገና ነው።

«ለሲስተር እንደውል» አለች እናቷ። ደውላ ስልኩን ለሚጣ ሰጠቻት፤ የማሽን ነገር ሲነሳ ቃሉ ይጠፋባታል። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠችና ማጣበቂያው ያቀላውን ቆዳ አየች። እጇ እንደለመደው ወደ ቅባቱ ብልቃጥ ሄደ።

«የት ነበር የለጠፍሻት?» አለች ነርሷ።

«ሆዴ ላይ፤ ከእምብርቴ ራቅ አድርጌ።»

«አልቦሽ ነበር?»

«አይ፣ አላላበኝም።»

«ቅባትስ ትቀቢያለሽ እንዴ?»

ሚጣ ወደ ሆዷ አየች። የእናቷ መዳፍ ሆዷ ላይ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ወዙ የሚያብለጨልጭ፣ ቀስ እያለ የሚዞር። ነርሷ ስታስተምራቸው «ቆዳው ንጹሕ ይሁን» ነበር ያለችው። የእናቷን ቅባት ደግሞ ማንም ከቆሻሻ አልቆጠረውም። ሚጣ አልቅሺ አልቅሺ አላት። በማን ትቆጣ?

«ሄሎ? ቅባት ነው ያልኩሽ።»

«አዎ፣ እቀባለሁ» አለች። «ራሴ ነኝ የምቀባው። ማታ ማታ።»

የእናቷ እጅ ቆመ።

«አይ አንቺ! ቅባት ከነካው እኮ አትይዝም። አልኮሉ ብቻውን አያስለቅቀውም። በሳሙና ታጠቢ፣ በደንብ አድርቂው፣ ከዚያ ነው አልኮሉ። ከዛሬ ጀምሮ የምትለጠፍበት ቦታ ሁሉ ቅባት እንዳይነካው።»

ስልኩ ተዘጋ።

«ምን አለች?» አለች እናቷ፤ ግን መልሱን አልጠበቀችም። መዳፏን ገልብጣ እያየች ነበር። «እኔ ነኛ። ስነቅልብሽ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

ሚጣ ስልኩን አስቀመጠች።

«ፎጣ አቀብዪኝ» አለች።

ሆዷን በሳሙና ታጠበች። እናቷም ማንም ሳይላት እስከ ክርኗ ታጠበች። ሚጣ ኤሊዋን በኢንሱሊን ሞላች፤ ኤሊዋ ጲጵ አለች። ቆዳውን በአልኮል ጠርጋ እስኪደርቅ ስትጠብቅ እናቷ እጆቿን ወደኋላ አጣምራ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ሚጣ ወረቀቱን ልጣ ለጠፈቻት፣ ዙሪያዋን በጣቷ ተጫነች፣ የማስጀመሪያውን ቁልፍ ነካች። ከዚያ መጠበቅ ነው። ኤሊዋ ቋ፣ ቋ ትላለች፤ በየትኛው ቋ እንደምትወጋ አይታወቅም። ሚጣ ጥርሷን ነከሰች። ስትወጋት አመማት፤ አልተንቀሳቀሰችም። በኤሊዋ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ቱቦዋ ገብታ ታየች።

«ያዘች?» አለች እናቷ ከግድግዳው ሥር።

«እንጃ።»

ከእራት በኋላ ሲለኩ ቁጥሩ ወርዷል። ግን ከመርፌው ይሁን ከኤሊዋ በምን ይታወቃል? የሚታወቀው ጠዋት ነው። ኤሊዋ እስከዚያ ከያዘች ጉዞው አለ፣ ካልያዘች የለም፤ በዚህ ላይ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። የጉዞ ቦርሳዋ በግማሽ ተሞልቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ሚጣ አልጋዋ ላይ ጋደም ካለች በኋላ እናቷ እንደ ወትሮዋ ብልቃጡን ይዛ ገባች። ክፍሉ መሃል ላይ ስትደርስ ትዝ አላት። ብልቃጡን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፤ የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ከዚያ ልትመለስ ዞረች።

ሚጣ ሸሚዟን ኤሊዋ ላይ ሸፈነች። ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ እግሯን ዘረጋች።

«እግሬ ደርቋል» አለች።

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ቅባቱን መዳፏ ላይ ማሞቅ ጀመረች።