ሳይሞላ የሚሄደው አውቶቡስ

ወንዳወቅን ያገኙት ከናፍጣው በርሜል ጀርባ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። የፍኖተ ሰላም–ቡሬ አውቶቡስ የሚያድርበት ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። ጋቢው ከትከሻው አልወረደም። ማጅራቱን ግን በጎማ መፍቻ ብረት ተመትቷል፤ ብረቱም እዚያው አጠገቡ ወድቋል።

ይህ ሰው ማን እንደነበር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ፍኖተ ሰላም የዱሮዋ ከተማ አይደለችም። ሆስፒታሉ በአንድ ጫፍ፣ ኮሌጁ በሌላ ጫፍ፣ አዲሱ መኖሪያ ደግሞ እርሻው ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ፈሰሰ ጥራጥሬ ተበታትናለች። ባጃጅ ካልያዙ የትም አይደረስም። ቡሬ ለሥራ የሚሄደውም ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ «እስኪሞላ» ሲባል ግማሽ ጠዋቱን ይጨርሳል። ወንዳወቅ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ነገሩ አንገበገበውና የሁለቱን ከተማ ሰው አስተባብሮ ማኅበር አቋቋመ፣ አንድ አውቶቡስም አስገዛ። ደንቡ አንድ ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል፣ ሰው ሞላም አልሞላም።

ሳቁበት! ባዶ ወንበር ጭኖ የሚሄድ እብድ ነው አሉት። እሱም «ሰው እንዲሞላው መጀመሪያ መምጣቱን ይመን» ይል ነበር። ገና ሳያምኑለት ሞተ።

ገዳዩን ግን ከተማው በአንድ ቀን አወቅሁ አለ። ካሴ የሚባል ባለባጃጅ ከሞቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ሕዝብ እያየ፣ የወንዳወቅን ኮሌታ ይዞ «የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋህ! ቆይ ብቻ፣ ታገኘኛለህ!» ብሎታል። በማግሥቱም ጎሕ ሲቀድ ባጃጁ ግቢው አጥር ሥር ታይታለች። ሌላ ምን ይፈለጋል? ጎረምሶች ባጃጇን አቃጠሏት፤ ካሴም ታሰረ። በቀብሩ ላይ የሟች ሚስት ያምሮት ሬሳው ፊት ቆማ «ካሴ፣ ልጆችህ እንደ ልጆቼ ይቅሩ!» ብላ ረገመችው። ሰዉም አሜን አለ። የካሴ መዝገብ ለዓቃቤ ሕግ ሊሄድ የቀረው አንድ ፊርማ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ኢንስፔክተር ሀብትነሽ የደረሰችው። የሽንዲ ከተማ ልጅ ናት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ንግግር የምታበዛ። ዝም የምትለው ሰው ሲዋሻት ብቻ ነው። ከእሷ ጋር የሚሠራው ኮንስታብል ብርሃን ይህን ጠባይዋን ስለሚያውቅ ዝም ስትል እሱም ትንፋሹን ይይዛል።

መጀመሪያ ግቢውን አየች። በርሜሉ አጠገብ ጀሪካን ወድቋል። አነሳችው፣ አሸተተችው፣ መሬት ላይ ጠብ አደረገችው።

«ብርሃን፣ ናፍጣ ሊሰርቅ የመጣ ሰው ምን ይዞ ይመጣል?»

«ባዶ ጀሪካን።»

«ይህ ውሃ አለው። ወንዝ በሌለበት፣ ቧንቧ በሌለበት ውሃ ተሸክሞ መጥቷል። ሊሰርቅ አይደለም፣ ሊጨምር ነው።»

የአውቶቡሱ ሹፌር ገብረሰንበት ራሱን ነቀነቀ። «ለዚያ ነዋ! ሰሞኑን ሞተሩ እያነቀው መንገድ ላይ ይቆም ነበር። ጋሼ ወንዳወቅ ተበሳጭተው፣ ዛሬ አንተን ከሸኘሁ በኋላ ግቢው ውስጥ ተሸሽጌ አያለሁ አሉኝ። በሩን ከፍተው የሸኙኝ እሳቸው ናቸው። በሕይወት ነው የተውኳቸው፣ በሚካኤል!»

«ታዲያ የሞቱት አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ነው። የበርሜሉ ቁልፍ አልተሰበረም፤ በመክፈቻ ነው የተከፈተ። መክፈቻው ማን እጅ ነው ያለው?»

«አንድ እኔ፣ አንድ እሳቸው፣ አንድ ጋሽ ደጀኔ።»

ካሴን ያገኘችው እስር ቤት ነው። ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ግድግዳ ተደግፏል።

«አጥሩ ሥር ምን ትሠራ ነበር?»

«ብናገር ማን ያምነኛል?»

«እኔ ሥራዬ ማመን አይደለም፣ መስማት ነው። ተናገር።»

«ልታረቀው ነው የሄድሁ።» «ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሰው ፊት አዋረድኩት። ቀኑ ሳይጀምር ይቅር በለኝ ልለው ሄድሁ። በሩን አንኳኳሁ፣ ዝም አለኝ። ተቀይሞኝ ነው ብዬ ተመለስኩ።»

ሀብትነሽ ዝም አላለችም። «ባጃጅህ የምትጠጣው ቤንዚን ነው፣ የበርሜሉም መክፈቻ የለህም» አለችው። «ግን ይህ ብቻውን አያስፈታህም። ጸልይ።» ውጭ የካሴ ሚስት ሁለት ሕፃናት ይዛ ቆማለች፤ ሻይ ቤቱ እንኳ ውሃ አልሸጥልሽም ብሏታል።

ጋሽ ደጀኔ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ሽማግሌ፣ አስታራቂ፣ በየስብሰባው ስለ አውቶቡሱ ሲናገሩ ሰው የሚያስጨበጭቡ። በቀብሩም ላይ ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ሀብትነሽን ግቢያቸው ድረስ ወጥተው ተቀበሏት።

«ነይ ልጄ፣ ነይ። እንዲያው ምን ጉድ ነው የመጣብን!»

«ያጽናናዎት። ያን ዕለት ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቡሬ ስብሰባ ነበረብኝ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድሁ። ልጁን ሳልሰናበት!» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ጉዞው ተመቸዎት?»

«ምን ይመቻል ብለሽ! ከኋላ ወንበር ተጎልቼ፣ እስኪሞላ ጠብቅ እስኪሞላ ጠብቅ፣ ወገቤ ሊቆረጥ። እንደ ምንም ሞላና ተነሳን።»

ሀብትነሽ ዝም አለች። ብርሃን ትንፋሹን ያዘ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ «የራስዎ መኪና የለዎትም?» አለች።

«እኔ? ጎማ የሚባል ነገር የለኝም። እግሬና የሕዝቡ አውቶቡስ ናቸው።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ገብረሰንበት ሄደች። «ጋሽ ደጀኔ ያን ዕለት ተሳፍረው ነበር?»

ሹፌሩ ጭንቅላቱን አከከ። «እንጃ። ሰው የሚገባው በኋላ በር ነው፣ እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ ነኝ። እሳቸው ነበርኩ ካሉ ነበሩ ነው። አለቃን ውሸታም ልበል እንዴ?»

በማግሥቱ ቡሬ ሄደች። መናኸሪያው ላይ ቆማ ከተራ አስከባሪው ጋር ወሬ ጀመረች። የትኛው ሚኒባስ የማን እንደሆነ እሱ በጣቱ እያሳየ ይነግራታል።

«ያችኛዋ ነጭስ?»

«እሷማ የጋሽ ደጀኔ ናት። በሚስታቸው ወንድም ስም ናት እንጂ የእሳቸው መሆኗን የማያውቅ የለም። አውቶቡሱ ከመጣ ወዲህ ሰው ቀንሶባቸዋል። ኧረ አንድ ቀንማ ጉድ አየን! አንድም ሰው ጎድሏት ተነስታ የማታውቀዋ መኪና፣ ማለዳ ጋሽ ደጀኔን ብቻ ጭና ከፍኖተ ሰላም ከተፍ አለች። ተራው ሁሉ ሳቀ።»

«የትኛው ቀን ነው?»

«ያ መሐንዲስ የሞተ ዕለት።»

ስትመለስ መንገድ ላይ ማንኩሳ ከተማ ወረደችና፣ በየማለዳው ከፍኖተ ሰላም በአውቶቡሱ እየመጣች እዚያ ቅቤ የምትሸጠውን እማማ ሸጋዬን አነጋገረች። ከዚያ ለሁሉም መልእክት ላከች፤ ነገ ማለዳ አውቶቡሱ ውስጥ እንገናኝ ብላ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ተሰበሰቡ። ያምሮት ጥቁር ለብሳ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ካሴ እጁ በካቴና ታስሮ ከብርሃን አጠገብ ተቀመጠ፤ ያምሮት ስታየው ፊቷን አዞረች። ጋሽ ደጀኔ መሐል ላይ ተመቻቹ። ከኋላ እማማ ሸጋዬ ቅሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሌላው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው። ውጭ የፖሊስ መኪና ቆሟል።

ሰዓቱ ደረሰ። ገብረሰንበት ቁልፉን አዞረ፣ አውቶቡሱም ተንቀሳቀሰ።

«እንዴ!» ጋሽ ደጀኔ ከወንበራቸው ተነሱ። «ገብረሰንበት! ምን ነካህ? ሰው ሳይሞላ ወዴት ነው?»

አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ የቡሬን መንገድ ያዘ። ሀብትነሽ ከፊት ቆማ ብረቱን ያዘች።

«ይቀመጡ ጋሽ ደጀኔ። ደንቡ ይህ አይደለም ወይ? እርስዎ ራስዎ እጅዎን አውጥተው ያጸደቁት?»

«ደንቡማ አለ። ወረቀት ላይ ነው እንጂ፣ ማን ያደርገዋል ብዬ…»

«እሱን ነው የምለው። ማን ያደርገዋል ብለው ነው። ለሕዝቡ ተናገሩለት፣ አስጨበጨቡለት፣ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳፍረውበት አያውቁም። መኪና ሁሉ እስኪሞላ እንደሚቆም በልጅነትዎ ያዩ ነዎት፤ ይህም እንደዚያው ይመስልዎታል። ስለዚህ ያን ዕለት የት ነበሩ ስልዎ፣ እስኪሞላ ጠብቀን ሄድን አሉኝ። ይህ አውቶቡስ ግን ማንንም ጠብቆ አያውቅም።»

ጋሽ ደጀኔ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ልጄ፣ ሽማግሌ ተሳሳተ ተብሎ ሰው ይገደላል እንዴ? ረስቼ ነው።»

«እሺ፣ ይርሱ። ሌላ ሰው እንጠይቅ። እማማ ሸጋዬ፣ ያን ዕለት የት ነበር የተቀመጡት?»

«እዚችው ናታ! ከኋላ። እኔና የቅቤ ቅሌ ብቻ ነበርን። ፊት አንዲት መነኩሲት ነበሩ፣ እሳቸውም ሆስፒታሉ ጋ ወረዱ።»

«ጋሽ ደጀኔን አላዩም?»

«እዚህ? ኧረ ምን ሲሉ!»

ገብረሰንበት መሪውን እንደያዘ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። «እውነቷን ነው። አለቃ ናቸው ብዬ ፈርቼ ነው እንጂ፣ ያን ዕለት በኋላ በር ወንድ አልወረደም። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ሀብትነሽ ቀጠለች። «ነጯ ሚኒባስ የእርስዎ ናት። ጎማ የለኝም አሉኝ፣ ቡሬ መናኸሪያ ግን ሁሉም ያውቃታል። አውቶቡሱ ሰው ወሰደባት። በግልጽ እንዳይቃወሙት ሊቀ መንበሩ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ መክፈቻዎን ይዘው በርሜሉ ውስጥ ውሃ ይጨምሩ ጀመር። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሰው ያማርራል፣ ወደ ሚኒባሱ ይመለሳል። ማንም ሳይነካው በራሱ ይሞታል ብለው ነው።»

«ማስረጃ…»

«ያን ዕለት አውቶቡሱ እንደ ወጣ ጀሪካንዎን ይዘው ገቡ። ወንዳወቅ ተሸሽጎ ይጠብቅ ነበር። ከገደሉት በኋላ ቡሬ ቀድመው መታየት ነበረብዎ፤ ሚኒባስዎን አስነሱና ብቻዎን ተሳፈሩ። ሳትሞላ አንድ ቀን እንኳ ተነስታ የማታውቅ መኪና፣ ያን ዕለት አንድ ሰው ጭና ሄደች። ሹፌሯ ትናንት ማታ ቃሉን ሰጥቶኛል። ጋቢዎን አገላብጠው ለብሰው እንደነበርም ነግሮኛል። ምን ሊሸፍኑ ነበር?»

ያምሮት ቀስ ብላ ዞረች። እኒህ ሰውዬ እኮ ሰልስቱን ከጎኗ ሳይለዩ፣ ልጆቿን ጭን ላይ አስቀምጠው ያባበሉ ናቸው!

«ጋሼ?» አለች። «እርስዎ?»

ኢንስፔክተሯ ስትናገር የተቋቋሙት ሽማግሌ ይህን ግን አልቻሉም። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«እሱም እንደዚሁ ነው ያለኝ» አሉ። «‹ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?› አለኝ። አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። አፍሮልኝ ዞሮ ሊሄድ ጀመረ። ቢሰድበኝ ኖሮ እለምነው ነበር። ሰው ምን ይለኛል ስል ብረቱ እጄ ላይ ነበር።»

«ካሴ ሲታሰርስ?» አለች ሀብትነሽ። «ልጆቹ ሲረገሙ አሜን ካሉት አንዱ እርስዎ ነበሩ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ተከናነቡ።

ብርሃን «ኢንስፔክተር፣ እዚሁ እናቁመውና እናውርዳቸው?» አላት። ማንኩሳ ገና ነው።

«አይሆንም። ማንኩሳ ላይ ሰው ሰዓቱን ይዞ ይጠብቃል። እዚያ ይወርዳሉ።»

ማንኩሳ ሲደርሱ መንገድ ዳር ብዙ ሰው ቆሟል። እቃ የያዙ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ የፋብሪካ ልብስ የለበሱ። ይመጣል አይመጣም ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ከኋላ የተከተለው የፖሊስ መኪና ጋሽ ደጀኔን ሲወስድ ግን ሁሉም ደንግጦ መንገድ ለቀቀ። እማማ ሸጋዬም ቅሏን አንስታ «ኧረ የእግዜር ያለህ!» እያለች ወረደች።

ብርሃን የካሴን ካቴና ፈታለት። ካሴ የእጁን አንጓ እያሸ ቀና ሳይል ተቀመጠ። ተሳፋሪው እየገባ ሳለ ያምሮት ከፊት ወንበር ተነስታ መጣችና እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«ልጆችህን ረግሜአለሁ። ሬሳ ፊት ቆሜ ነው የረገምኳቸው። ምን ይሻለኛል?»

«ኧረ በማርያም እትዬ ያምሮት፣ ተነሺ!» ካሴ ደንግጦ ክንዷን ይዞ አነሳት። «እኔ ባንቺ አልቀየምም። ባሌን ገደለ ብለሽ እኮ ነው።»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ይቅር ለእግዚአብሔር።» ከዚያ «እኔም ይቅር በለኝ የምለው ሰው ነበረኝ» አለ። «ሳልደርስበት ሄደ። ብፈታስ ይህን ምን አደርገዋለሁ?»

ያምሮት አጠገቡ ባለው ወንበር ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዕንባዋንም ጠረገች።

«እንግዲያው እኔን ጠይቀኝ» አለችው። «በእሱ ፈንታ።»

ካሴ ጠየቃት። እሷም በባሏ ስም ይቅር አለችው።