እስከ ዐሥር ሲቆጠር

መምህር ኦስዊን ፔል ዋንጫውን ወደ አፉ አንሥቶ ሲወድቅ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ንጉሥ የሚመረዝበትን ያንን የጥንት ትራጄዲ በየዓመቱ ለአዲስ ክፍል የሚያስተዋውቀው እንዲህ ነበር፤ ይወድቃል፣ ልጆቹ እስከ ዐሥር ይቆጥራሉ፣ ይነሣል። ዘንድሮ ዐሥር ተቆጥሮ አልተነሣም።

ኢንስፔክተር ሂልዳ ማርስደን ወደ ዮርክሻየሩ ትምህርት ቤት ስትደርስ ዝናቡ አላባራም ነበር። ዋንጫው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ቁልፉ ያላቸው ርእሰ መምህሩ ሎክስሊ፣ ዘበኛው ታግና በመስከረም የተቀጠረችው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ኢዶና ክሌይ ብቻ ናቸው። ሦስቱም ያንን ትምህርት በወሬ እንጂ በዓይናቸው እንደማያውቁት ነገሯት።

«ጠላት ነበራቸው?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ምላሳቸው ምላጭ ነበር፣ እመቤቴ» አለ ታግ። «እኔንስ ‹መጥረጊያ የሚገፋ መጥረጊያ› ብለው ያልፉኛል። ልጆቹን ግን በሰው ፊት ነበር የሚልጧቸው።»

በማግስቱ የምርመራው ውጤት መጣ። መርዙ የተገኘው በዋንጫው ከንፈር ዙሪያ ብቻ ነው። ጠዋቱን ሙሉ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ያለጠባቂ የዋለው የሟቹ የሻይ ፔርሙዝ ንጹሕ ነው።

ሂልዳ አንድ ዋንጫና አንድ ፔርሙዝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሦስቱን ተራ በተራ አስገባች። ሚስተር ፔል እንዴት ይጠጡ እንደነበር አሳዩኝ አለቻቸው። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ዋንጫው ውስጥ ሻይ አለ ብሎ የሚያምን ሰው የሚመርዘው ፔርሙዙን ነው» አለች። «ቁምሳጥን መክፈት አያስፈልገውም። ዋንጫው ግን ሁልጊዜ ባዶ ነበር። ሚስተር ፔል በመጨረሻ ዘቅዝቀው ያሳዩና ለማንም እንዳይናገሩ ልጆቹን ያስምሏቸዋል። የአምና ተማሪዎች መሐላቸውን አፍርሰው ነገሩኝ። ስለዚህ ገዳዩ ሚስተር ፔል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተማረ ሰው ነው።»

ወደ ኢዶና ዞረች።

«ሚስተር ሎክስሊና ሚስተር ታግ መጀመሪያ ሻይ ቀዱ። እርስዎ ግን ባዶውን አነሡት፣ ሚስ ክሌይ። ማን አስተማረዎት?»

«እሳቸው» አለች ኢዶና። «ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት። ያኔ ስሜ ሌላ ነበር። መንታ ወንድሜ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር፤ ተብታባ ነበር። አስቁመው አስነበቡትና አነጋገሩን እያስመሰሉ ክፍሉን አሳቁበት። በሳምንቱ ወንዝ ገባ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ቂም ይዘሽ?» አለ ሎክስሊ።

«ቂሙ ነው እኔን የያዘኝ።»

ሂልዳ ካቴናውን ስታወጣ ኢዶና እጆቿን ራሷ ዘረጋች።

«ከበሩ ኋላ ሆኜ ከልጆቹ ጋር ቆጠርኩ» አለች ቀስ ብላ። «ወንድሜን ከውኃው አውጥተው ሣሩ ላይ ሲያስተኙትም ቆጥሬ ነበር። ይነሣል ብዬ።»