የአባት ግራ እጅ

ከሃኖይ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ፣ በቀይ ወንዝ ዳር ባለች መንደር አንድ ቤተሰብ ነበር። አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ። አራት ሰው። ዛሬ አንዷ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ብትሆን አለች ከተባለ ነው። እኔ ሃኖይ ውስጥ፣ እሷ ከምትሠራበት ቲያትር ቤት ፊት ለፊት ሃያ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በየቀኑ ስትገባና ስትወጣ አያታለሁ። ሐዘንተኛ ይጮኻል፣ ደረቱን ይደቃል ሲባል እንሰማለን። የለም... ከልብ የገባ ሐዘን ድምፅ የለውም። ምሳውን ይበላል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ሥራ ይገባል።

አባትየው፣ አቶ ዶዋን፣ የመንደሩ የውሃ አሻንጉሊት ማኅበር አለቃ ነበሩ። ማኅበርተኞቹ እስከ ወገባቸው ኩሬ ውስጥ ገብተው ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ ይቆማሉ፤ በውሃው ሥር በሚያልፍ ረጅም ዘንግና ክር፣ ከእንጨት የተቀረጹትን አሻንጉሊቶች ከመጋረጃው ወዲያ ያስደንሷቸዋል። ተመልካቹ አሻንጉሊቱን እንጂ የሰው እጅ አያይም። ከሁሉም የከበረችው «የሰማይ ሙሽራ» የምትባለው ነበረች። ስትደንስ አንገቷን እንደ ሰው ትሰብር ነበር፤ እንዴት እንደምትሰብር የሚያውቁት አለቃውና ወራሹ ብቻ ናቸው። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሁሉ የዶሮ ደም የተቀላቀለበት የሩዝ አረቄ ጠጥቶ ይምላል፤ ምሥጢሩን ለባዕድ ላይናገር፣ ለገዛ ሴት ልጁም ላያሳይ። ሴት ልጅ ነገ ሌላ መንደር ታገባለች፣ ምሥጢሩንም ከልብሷ ጋር ጠቅልላ ትሄዳለች ነው ነገሩ። መሐላውን ያፈረሰ ሰው ስሙ ከማኅበሩ የስም ሰሌዳ ላይ በመላጊያ ይፋቃል።

ወራሹ ወንድ ልጃቸው ሉክ ነበር። ሃያ ዓመቱ፣ ሳቂታ፣ እጁ ፈጣን። እህቱ ኛይ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የእሷ ሥራ ወንዶቹ በብርድ ውሃ ውስጥ እንዳይንቀጠቀጡ ሙቅ የዓሣ ስጎ በሳህን እያዞረች ማጠጣት ብቻ ነበር። ሳህኑን ታቀብላለች፣ ባዶውን ትቀበላለች። ዓይንሽን ጨፍኚ ያላት ግን አልነበረም።

በአዲስ ዓመት ሰሞን፣ ወንዶቹ ምሳ በልተው በተጋደሙበት ቀትር፣ አንድ ማኅበርተኛ ወደ ኩሬው ብቅ ቢል የሰማይ ሙሽራ ብቻዋን ትደንሳለች። አንገቷንም ትሰብራለች። ከመጋረጃው ጀርባ ቢሄድ ኛይን እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ አገኛት። ያን ዕለት ማኅበሩ ተሰበሰበ፤ በአሥራ አራት ወንዶች ፊት ድገሚው አሏት፣ ደገመችው። ማን አስተማረሽ አሏት። ልጅቱ ዝም አለች። ማንም አላስተማረኝም፣ እያየሁ ነው የለመድኩት ብትል ምን ነበረበት? ምላሷ ግን ከላንቃዋ ተጣበቀ። ያኔ ሉክ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷን ተዉአት።»

የሉክ ስም በዚያው ቀን ተፋቀ። ማኅበር የሌለው ሰው ኩሬ ዳር ምን ይሠራል? አሸዋ በሚጭኑ ጀልባዎች ላይ ተቀጠረና ወንዙ ላይ ወጣ። በሰባተኛው ወር ወንዙ ሞላ፣ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ሬሳው በሦስተኛው ቀን ተገኘ። እናትየው በዓመቱ ተከተለችው፤ ይህ ነው የሚባል በሽታ አልነበረባትም። አባት የልጃቸውን መቃብር አፈር አልብሰው ለሴት ልጃቸው አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ከእንግዲህ ፊትሽን አላይም።» ወራሽ አልነበረምና የሰማይ ሙሽራን ለከተማ ሙዚየም ሰጧት። ኛይም ሃኖይ ገባች። በከተማው ቲያትር ቤት ሴትም ውሃ ውስጥ ትቆማለች፤ ተቀጠረች። ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ፤ አባትና ልጅ አልተያዩም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሆስፒታል ተደወለላት። ሽማግሌው ሳንባቸው አልቆ፣ ጎረቤት አውቶቡስ ላይ ጭኗቸው መጥተዋል። ሐኪሙ የሳንባቸውን የራጅ ፎቶ ወደ መብራት አንሥቶ አየና፣ ይውሰዷቸው፣ ደስ ያላቸውን ያብሏቸው አለ። መንደር የሚያደርሳቸው መኪና ከሦስተኛው ቀን በፊት አልተገኘም። ኛይ አባቷን ወደ አንድ ክፍል ቤቷ ወሰደቻቸው። እሳቸው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ፤ እሷ እግራቸውን ታጥባለች። ሉክ መሐላውን አላፈረሰም የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለሃያ ሁለት ዓመት ጉሮሮዋ ላይ ቆማለች። አሁን ካልተናገረች አባቷ ልጄ ከዳተኛ ነበር እንዳሉ ሊሞቱ ነው። የቀራት ሦስት ቀን ነው።

በመጀመሪያው ቀን መሐል ከተማ ወዳለው ሐይቅ ወሰደቻቸው። ቀዩን ድልድይ ክንዷን ተደግፈው ተሻገሩ፣ ከማዶው ባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ ደርቆ በመስታወት የተቀመጠውን ግዙፍ ኤሊ አዩ።

«ሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ይቺን ኩሬ ሊያይ ነው?» አሉ።

«ሐይቅ ነው አባባ።»

«የኛ ኩሬ ቢያንስ ዳክዬ አለው።»

ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ሰፌድ የሚያህል ሳህን ሙሉ ሾርባ መጣላቸው። ቀምሰው ወደ ነጋዴዋ ዞሩ። «እመቤት፣ በሬውን ለሾርባው ከሩቅ ነው እንዴ ያሳየሽው?» ሴትየዋ ሳቀች። «አባቴ፣ እርስዎ መቼም ጥርስ ቢኖርዎት ኖሮ ሥጋም እጨምርልዎ ነበር» አለች። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ኛይ አሁን ልንገራቸው ብላ አፏን ከፈተች... ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲተዋቸው ቃሏም ጠፋ። ቤት ተመለሱ።

በማግሥቱ ጠዋት ያለ ምንም መግቢያ «የሰማይ ሙሽራን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ።

ሙዚየሙ ሰፊ ነው፤ ሽማግሌው በየአግዳሚው እያረፉ ሦስተኛው አዳራሽ ደረሱ። እዚያ አለች። ግን ምን ዓይነት አኗኗር ነው! የሐር ቀሚሷን ገፈው ከጎኗ ሰቅለውታል። ደረቷ ተከፍቷል። በውስጧ ያለው ክር በሙሉ ተዘርግቶ በየላዩ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንገቷ እንዴት እንደሚዞር የሚያሳይ የሰው ቁመት የሚያህል ሥዕል አለ። የተማሪዎች ቡድን ተሰብስቦ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። አንዲት መነጽራም ልጅ ለጓደኛዋ ጮክ ብላ ታነባለች፤ «ክር ቁጥር ሦስት አንገቱን ያዞራል። ጻፍሽ?» ጓደኛዋም «ጻፍኩ፤ ቀጥዪ» አለቻት።

ደም የተጠጣበት ምሥጢር! የአንድ ጎረምሳ ስም የተፋቀበት፣ የአንዲት እናት ልብ የተሰበረበት ምሥጢር፣ አሁን የሦስተኛ ክፍል የቤት ሥራ ሆኗል። ሉክ ለዚህ ነበር የሞተው? ሽማግሌው አልጮኹም፤ በትራቸውን ይዘው ቆሙ፣ ቆሙ... እጃቸውን ወደ መስታወቱ ሲዘረጉ ጠባቂዋ መጣች።

«አባቴ፣ መስታወቱን አይንኩ።»

«ልጄ፣ እኔ እሷን የነካሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

ጠባቂዋ ሄደች። ተማሪዎቹም ወደሚቀጥለው አዳራሽ አለፉ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ኛይ ሥዕሉን አየች፤ ድንገት ሳታስበው አፏ ተናገረ።

«ተሳስተዋል። ቋጠሮው በግራ ነው መሆን ያለበት።» ያን ካለች በኋላ የቀረው ራሱ ወጣ። «አባባ... ሉክ አላስተማረኝም። ማንም አላስተማረኝም። ስጎውን ሳቀብላችሁ እያየሁ ነው የለመድኩት። ያን ቀን ፈርቼ ዝም አልኩ። ሉክ መሐላውን አላፈረሰም።»

ሃያ ሁለት ዓመት የከበደው ነገር ሲወጣ ሰማይ የሚናድ ይመስላት ነበር። ምንም አልተናደም። የአዳራሹ ማራገቢያ ይዞራል። አባቷ ዓይናቸውን ከአሻንጉሊቷ አልነቀሉም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን አባባ?»

«ሉክ በቀኝ እጁ ነበር የሚሠራው። እሱ ቢያስተምርሽ በቀኝ ትቋጥሪ ነበር። እኔ ግራኝ ነኝ። በልጅነቴ እናቴ ግራ እጄን ከአልጋ ጋር እያሰረች ልታስተወኝ ሞክራ ነበር፤ ሰው ፊት ተውኩ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ በእኔ ጥግ ግን ማን ያየኛል? በግራ ነበር የምሠራው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ያን ቀን ድገሚው ሲሉሽ ሰዉ ሁሉ አሻንጉሊቷን ያያል፤ እኔ እጅሽን አየሁ። የኔ እጅ ነው።»

«ያን ቀን ነው ያወቁት?»

«ያን ቀን።»

«ታዲያ ሉክ ሲነሣ...»

«አለቃ ነበርኩ። እኔን አይታ ነው ብል፣ ዶዋን ሴት ልጁን አጠገቡ አቁሞ ምሥጢር አፈሰሰ ይሉኛል፤ የኔ ስም ይፋቃል። ልጁ ወጣት ነው ይችለዋል፣ ዓመት ሳይሞላ አስታርቄ እመልሰዋለሁ አልኩ። ወንዙ ዓመት አልጠበቀኝም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ፊቷን አዩት፤ አርባ ዓመት ሊሞላት አንድ የቀራት ሴት ፊት ነው። «ፊትሽን አላይም ያልኩሽ ተቆጥቼ መሰለሽ? ያየሁሽ ጊዜ ሁሉ ራሴን እያየሁ ነው።»

ኛይ ልትጮኽ ይገባት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ወንድሜን ገደልኩ ብላ ያደረችው ለሁለት ሊከፈል የሚችል ሸክም ነበር! እያንዳንዳቸው ሌላው አያውቅም ብለው ለብቻ ተሸከሙት። እሷ ግን ክንዳቸውን ያዘች። «ደረጃ አለ፣ ቀስ ይበሉ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ቲያትር ቤት የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣቸው ወደ ሥራዋ ገባች። ከበሮው ተመታ፣ ዘንዶው እሳት ተፋ፣ ገበሬው ሩዝ ተከለ፣ የሰማይ ሙሽሮች ወጥተው ደነሱ። በመጨረሻ እንደ ልማዱ መጋረጃው ተገለጠና ሰባቱ ሠራተኞች እስከ ወገባቸው በውሃው ውስጥ ወደ ፊት መጥተው እጅ ነሡ፤ አራቱ ሴቶች ናቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሽማግሌው አላጨበጨቡም፣ አላለቀሱም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እርጥብ ልብሷን ሳትቀይር ወደ እሳቸው መጣች።

«የሙሽሮቹ ዳንስ ሁለተኛው ዙር ላይ ቸኮልሽ» አሉ።

«ትርዒቱ ከሃምሳ ደቂቃ እንዳያልፍ ተብሎ ነው አባባ። እንግዳ ሌላ የሚጎበኘው አለው።»

«ይሁን። አንቺ ግን አትቸኩይ፣ ልጄ።»

ልጄ! ለጠባቂዋ ሳያስቡ የጣሉላትን ቃል ለገዛ ልጃቸው ለማለት ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ኛይ እሺ ብላ የጫማቸውን ማሰሪያ ልታስር ጎንበስ አለች፤ ሳትቀና ብዙ ቆየች።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋ መንደር ስትደርስ ሽማግሌው ወደ ቤታቸው መግባት እምቢ አሉ። «ማኅበሩ ቤት ውሰዱኝ።» ከአሥራ አራቱ ማኅበርተኞች አምስት ሽማግሌዎች ቀርተዋል፤ ተጠርተው መጡ። ዶዋን ሁሉንም ነገሯቸው። ከአምስቱ ትልቁ፣ አቶ ቱዬን፣ የጎረምሳነት ጓደኛቸው ነበሩና እጃቸውን ያዟቸው።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ዶዋን። ምሥጢሩ እንደሆነ ሙዚየም ገብቷል። ተኛና ዕረፍ።»

«መሐላው እኮ ሙዚየም አልገባም» አሉ ዶዋን። «የልጄን ስም መልሱ። የኔን ፋቁ። ካልፋቃችሁ ከዚህ አልነሣም።»

መላጊያው መጣ። ሰሌዳው ላይ የሉክ ስም ተቀረጸ፤ የአባቱ ተፋቀ። ዶዋን የእንጨቱ ፍቅፋቂ መሬት ላይ ሲወድቅ እያዩ ቆዩና፣ በቃ አሁን ውሰዱኝ አሉ። ከሆስፒታል በወጡ በዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ኛይ ከአጠገባቸው ነበረች፤ ዓይናቸውን የከደነችው እሷ ናት።

በዚያ አገር አባት ሲቀበር ወንድ ልጅ የቀርከሃ በትር ይዞ ከሬሳው ሳጥን ኋላ ይሄዳል። ወንድ ልጅ የለም፤ በትሩን ኛይ ያዘችው፣ የከለከላትም የለም። የማኅበሩ ሰው ሲሞት ደግሞ የማኅበሩ ከበሮ ይመታል። ስሙ ለተፋቀ ግን አይመታም፤ ያኔ ለሉክም አልተመታም። ሳጥኑ በማኅበሩ ቤት ደጃፍ በጸጥታ ሊያልፍ ሲል አምስቱ ሽማግሌዎች ከበሮውን ተሸክመው ወጡ። አቶ ቱዬን ማንንም ሳያዩ ተናገሩ።

«ሉክ ሲቀበር ከበሮ ቀርቶበታል። ዛሬ እንመታለታለን።»

እና መቱ። ከደጃፉ እስከ ሩዝ እርሻው መሐል እስካለው መቃብር፣ ከሳጥኑ ጎን ጎን እየሄዱ፣ ለሉክ መቱ። ሕጉም አልተጣሰ፣ አባትም ያለ ከበሮ አልተቀበሩ። መንደርተኛው ሁሉ ገብቶት ነበር፤ የተናገረ ግን አንድም ሰው የለም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። በዚያ ቤት ዝም ነቀዘ፤ ወንድምየውን በላ፣ እናቲቱን በላ፣ አባትና ልጅን ለሃያ ሁለት ዓመት በልቶ ዘጠኝ ቀን ብቻ ተረፋቸው። ዕጣ ፈንታ ነው እንበል? እኔ እንጃ... ዕጣ ያልነው ነገር አንዳንዴ በጊዜው ያልተባለች አንዲት ቃል ናት። ኛይ በቀብሩ ማግሥት ሥራ ገባች፤ ሁለት ትርዒት ነበረባት። ሲያልቅ ከቲያትር ቤቱ በር ላይ አገኘኋትና፣ አለቀስሽ ወይ፣ ቢወጣልሽ ይሻልሻል አልኳት።

«እንጃ» አለች። «ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው የምውለው። ፊቴ እርጥብ ነበር።»