ከውሻው ቆብ ሥር

የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጓድ መሪ አዘዘ ቃሉን እንዲህ ሲል ሰጠ።

«ጎህ ሲቀድ ሐይቁን ዳር ዳር ስዞር ከጽጌ ጠጅ ቤት ጩኸት ሰማሁ። ሠዓሊው አስማማውና ጀልበኛው ሰላሁዲን ይሰዳደባሉ። ሮጬ ስደርስ ሰላሁዲን እጁ ደም በደም ሆኖ ወጣ። አስማማው ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ግድግዳው ላይ ያለው ውሻ ደግሞ የወታደር ቆብ ተስሎበታል። ሁለት ፀረ አብዮተኞች አብረው አደሙ፣ ተጣሉ፣ አንዱ አንዱን ገደለ። ነገሩ ይኸው ነው።»

ሰላሁዲን ውስጥ እግሩን ከተገረፈ በኋላም ቃሉ ያው ነበር።

«ጩኸት የሚባል ነገር አልነበረም። ጀልባየ ላይ የሳለውን ውሻ እንዲያጠፋልኝ ልለምነው ሄድሁ። አባቴ “አንድ ራስ አልበቃ ብሎህ ባለ ሁለት ራስ ውሻ አመጣህብኝ!” ብሎ ከጀልባው ሊያወርደኝ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ስገባ አስማማው ፊቱ ቀለም መበጥበጫው ውስጥ ተደፍቶ አገኘሁት። ነፍሱ ካለች ብየ ቀና አደረግሁት፤ ቀዝቅዟል። ግድግዳውን አላየሁም። ሰው ሞቶ ማን ግድግዳ ያያል?»

መርማሪው መቶ አለቃ አምባቸው ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ አሰበ። ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው፤ ማሰቢያ ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም። የቀበሌው ካድሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰላሁዲን ላይ እርምጃ እንዲወሰድና የጠጅ ቤቱ ግድግዳ ኖራ እንዲቀባ አዝዟል። እስከዚያ ድረስ በሩ ተቆልፎ ቁልፉ በአምባቸው ኪስ እንዲሆን ተወስኗል።

ወደ ጠጅ ቤቱ ሲገባ የማርና የደም ሽታ ተቀላቅሎ ተቀበለው። ወለሉ በብርሌ ስባሪ ተሞልቷል። የአስማማው አናት በራሱ መዶሻ ተፈልጧል። መቺው አንዴ መትቶ አልረካም፤ የራስ ቅሉ እንደ ተሰበረ ቅል ወደ ውስጥ ገብቷል። ፊቱ በአረንጓዴ ቀለም ተለስኗል። አምባቸውን ግን ይበልጥ ያስደነገጠው ቀኝ እጁ ነበር። ጣቶቹ በተረከዝ ተደቁሰው፣ አጥንታቸው ቆዳውን በስቶ ወጥቷል።

«ሰውየው ከሞተ በኋላ እጁን ምን አስቀጠቀጠው?» አለ አምባቸው ለራሱ።

«መቶ አለቃ፣ ከሬሳ ጋር ያወራሉ እንዴ?» አለ አዘዘ፣ ጠመንጃውን ተደግፎ።

«ካንተ የተሻለ ይመልስልኛል።»

ቀና ብሎ ግድግዳውን ተመለከተ። ጥቁር ትልቅ ውሻ ቆሟል። ከማጅራቱ ላይ የነጭ ቡችላ ራስ ከነፊት እግሮቹ በቅሏል። ሁለቱም ምላሳቸውን አውጥተዋል። በባሕር ዳር ይህን ውሻ የማያውቅ አልነበረም። አንድ የሶቪየት ሐኪም በቀዶ ጥገና የቡችላ ራስ ከትልቅ ውሻ ጋር ሰፍቶ ያነሳው ፎቶግራፍ ነበር ምንጩ። አስማማው ፎቶግራፉን አይቶ በጽጌ ግድግዳ ላይ ሳለው። ከዚያ ውሻው እግር አወጣ። ጎረምሶች በካናቴራቸው ላይ አሳሉት፤ ጀልባ ላይ ወጣ፤ የኪነት ቡድኑ ሁለት ልጆች በአንድ ጆንያ ከትቶ «ኢምፔሪያሊዝም» እያለ አስጨፈረበት። ከኅዳሩ አፈሳ ወዲህ ደግሞ ሰው ትርጉሙን ለወጠው። በአንድ አፉ እየሳቀልህ በሌላው የሚያስበላህ ሰው «ባለ ሁለት ራሱ» ይባል ጀመር።

አሁን በቡችላው ራስ ላይ አረንጓዴ ቆብ ተደፍቷል። አምባቸው የራሱን ቆብ አውልቆ በእጁ ይዞ አነጻጸረ። የውሻው ቆብ እስከ ዓይኑ ወርዷል። ዓርማ የለውም። ጠርዙም ጠማማ ነው፤ ቀለሙ ከመሥመሩ እየወጣ ግድግዳው ላይ ተዝረክርኳል። አስማማው የቀበሌውን የአብዮት ሥዕሎች ሁሉ የሳለ ሰው ነበር። እሱ የሳለው ቆብ ዓርማው ከሩቅ ያበራል። አምባቸው ጣቱን አስጠጋ። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ጣቱ ላይ ተጣበቀ።

ወዲያው ጎንበስ አለ። ከሬሳው ደረት ሥር ካለው ስባሪ አንዱን አነሳ። የብርሌ ስባሪ ጎበጥ ያለ ነው፤ ይህ ግን ዝርግ ነው። በቀለም ቆርቆሮው ጽሑፍ ላይ አድርጎ ሲያይበት ፊደሎቹ አነሱ። በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

የጠጅ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«እትየ ጽጌ፣ ውሻው ትናንት ቆብ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«ሌላስ? አስማማው ትናንት የጨመረበት ነገር ነበር?»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ደረቅ እጅ ነበር። «እኔ ጠጅ ጣይ ነኝ፣ ልጄ። ስለ ሥዕል ምን አውቃለሁ?»

«ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ልጄ ገና ተማሪ ናት» አሉ ድንገት።

አምባቸው ስለ ልጃቸው አልጠየቃቸውም። ቢሆንም መልሱን ይዞ ወጣ።

መምህር ገብረ መስቀል ያንን ፎቶግራፍ ወደ ባሕር ዳር ያመጣ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ በፎርማሊን የተነከሩ እንቁራሪቶች ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ኋላ አገኘው። መምህሩ በትሕትና ተነሥቶ ወንበር ሳበለት።

«ሞስኮ ስማር ያገኘሁት መጽሔት ነው» አለ፣ ገጹን ሊያሳየው እየገለጠ። መጽሔቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ነበር የሚፈልገው። «ይኸው። ሁለቱም ራሶች ወተት ይጠጡ ነበር። አንድ ቀን የሰው ልብ ከሰው ወደ ሰው ይዛወራል ብሎ የሠራው ሥራ ነው። ተማሪዎቼ ሲያዩት አለቀሱ። አስማማው ለክፍሉ እንዲስልልኝ ሰጠሁት፤ ወስዶ የሰካራም መሳቂያ አደረገው!»

«ተቆጡት?»

«አዘንሁበት እንጅ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ጠጅ ቤት እግሬ አልረገጠም። ሰላሁዲን ነው አሉ አይደል? ለውሻ ተብሎ ሰው ይገደላል?»

አምባቸው የመምህሩን ፊት አየ። በአፍንጫው ግራና ቀኝ ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ። የግራ ቅንድቡን አሮጌ ጠባሳ መሃል ለመሃል ከፍሎታል። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አይቶት ያውቃል፤ ጠባሳውን ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነበር።

«ከሰዓት በኋላ ጠጅ ቤቱ ድረስ ቢመጡልኝ» አለ። «ስለዚያ ውሻ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።»

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ከጠጅ ቤቱ ደጅ ገበያተኛው ተኮልኩሏል። አምባቸው በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ መለሰ። ሬሳው ተነሥቷል፤ ደሙ ግን አለ። ሰላሁዲን እጁን የፊጥኝ ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል፤ መቆም አልቻለም። ወይዘሮ ጽጌ በርሜሉ አጠገብ፣ መምህር ገብረ መስቀል አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አዘዘ በር ላይ ቆሟል። ከእግሩ ሥር የተበጠበጠ ኖራ በባልዲ ተቀምጧል።

«አዘዘ» አለ አምባቸው፣ «አስማማውና ሰላሁዲን ሲሰዳደቡ ምን ምን ሲሉ ሰማህ?»

«ያው... ስድብ ነዋ።»

«ሰላሁዲን አስማማውን የሚፈልገው ጀልባው ላይ ያለውን ውሻ እንዲያጠፋለት ነው። ያለዚያ አባቱ ያባርረዋል። ታዲያ ያችን እጅ ለምን ይቀጠቅጣታል? ያችን እጅ የቀጠቀጠ ሰው የሳለችውን ነገር የጠላ ሰው ነው።»

«ውሻውንማ ሁላችንም ጠልተነዋል» አለ መምህሩ ፈገግ ብሎ።

አምባቸው ከአስማማው ዕቃ መካከል የብሩሽ ማጠቢያውን ነጭ ጋዝ አነሳና ጨርቅ ነከረበት።

«ይህን ቆብ የሳለው አስማማው አይደለም። አስማማው ዓርማ አይረሳም። ወታደር ላይ ሊሳለቅ የፈለገ ሰው ደግሞ ፊቱን ገልጦ ይስላል እንጅ በቆብ አይሸፍንም። ይህ ቆብ የመጣው ለመሸፈን ነው። ምን ለመሸፈን እንደሆነ አላውቅም፤ አብረን እንየው።»

ጨርቁን በቡችላው ግንባር ላይ ቀስ አድርጎ አሸ። እርጥቡ አረንጓዴ ለቀቀ። ከሥሩ የተረጩ ጥቋቁር ቀይ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። ጋዙ አልነካቸውም።

«ደም ነው» አለ አምባቸው። «ከቆቡ ሥር ነው ያለው። ውሻው ቆቡን የደፋው አስማማው ከሞተ በኋላ ነው። ሙት ቆብ አይስልም።»

አዘዘ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። አምባቸው ማሸቱን ቀጠለ። ከደሙ ሥር የትናንቱ ቀለም ታየ። በቡችላው ግራ ዓይን ላይ ጥቁር ቅንድብ ተስሏል፤ መሃል ለመሃል በነጭ መሥመር ተከፍሏል።

ሰላሁዲን በእብጠት የተጨፈኑ ዓይኖቹን እንደምንም ገልጦ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ መምህሩን አየ።

«ወላሂ ራሱ ነው!» አለ።

«ቅንድብ ማስረጃ ነው እንዴ?» አለ መምህሩ።

«አይደለም። ማስረጃው ይኸ ነው» ብሎ አምባቸው መሐረቡን ፈታ። «ከሬሳው ሥር ነበር። ብርሌ ፊደል አያሳንስም፤ ሩቅ ለማያይ ሰው የተሠራ መነጽር ግን ያሳንሳል። አስማማው ሲታገልዎ ሰበረብዎ። መነጽር ሳይኖርዎ ነው ቆቡን የሳሉት፤ ለዚህ ነው የተጣመመው፤ የተረጨውንም ደም ያላዩት ለዚህ ነው። መነጽርዎ ያለ እንደሆነ ያሳዩኝና ሰላሁዲንን ራሴ ለአዘዘ አስረክባለሁ።»

መምህሩ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ባዶውን መለሰው።

ወይዘሮ ጽጌ ማልቀስ ጀመሩ። «ትናንት ቅንድቡን ሲስል “ይኸ ማን ነው?” ብየ ጠየቅሁት። “ወንድሜን አለበልን በኅዳር ያስበላው” አለኝ። ሌሊት ገና ሳይነጋ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሥዕሉን ሲያይ አየሁት። ስድብም ጩኸትም የለም። መዶሻው ብቻ... ልክ ሥጋ ሲከተከት እንደሚሰማው። በጓሮ ወጥቼ ጎረቤት ተሸሸግሁ። ልጄ እሱ ዘንድ ነው የምትማረው።»

ገብረ መስቀል ከአግዳሚው ተፈናጥሮ ተነሣ። ከመሬት የብርሌ ስባሪ አፈፍ አድርጎ ወደ ግድግዳው ዘለለና የቡችላውን ቅንድብ ይቦጭቅ ጀመር። አምባቸው ከኋላው ሲያንቀው ዞሮ በስባሪው ክንዱን ተለተለው። ሁለቱ ተያይዘው ባልዲውን ሲገፉት ኖራው እግራቸው ላይ ተረጨ። አዘዘ አንድ አፍታ አመነታ። ከዚያ የጠመንጃውን ሰደፍ አንሥቶ የመምህሩን መንጋጋ መታው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

ገብረ መስቀል ከነደሙ መሬት ላይ ተቀመጠ። በተሰበረ አፉ ሳቀ።

«ጻፍ፣ መቶ አለቃ። እኔ የካድሬው ጆሮ ነኝ። ማታውን እፈታለሁ። የሴትዮዋን ቃል ማን ይሰማል? ግድግዳው ኖራ ሲቀባ ምን ይቀርሃል? የመነጽር ስባሪ!»

አዘዘ ባልዲውን አየ፤ ግማሹ አልፈሰሰም። «እኔ ጩኸት አልሰማሁም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ንቁ ነው እንዲሉኝ ብየ ነው። ግን... ኖራው ትእዛዝ ነው።»

«እንግዲያ እኔ ሞቻለሁ» አለ ሰላሁዲን። ማንንም እየከሰሰ አልነበረም።

አምባቸው የተተለተለ ክንዱን በመሐረቡ አሰረ። መምህሩ ያለው እውነት ነበር። የጻፈውን ነገር ካድሬው ሳያነበው ይቀድደዋል። ግድግዳውን ከተማው ካየው ግን ካድሬው ሰላሁዲንን ቢገድል ሰው ሁሉ ስለ ማን ብሎ እንደገደለው ያውቃል፤ ያን ደግሞ አይደፍርም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወይዘሮ ጽጌ ፊት፣ በርሜሉ ላይ አስቀመጠ።

«በሩን እንዳልከፍት ታዝዣለሁ» አለ። «ቤቱ ግን የእርስዎ ነው።»

ወይዘሮ ጽጌ ቁልፉን አዩት። የውጭው ጫጫታ ይሰማል። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መሬት ላይ የተቀመጠውን መምህር አልፈው ወደ በሩ ሄዱ።

«እትየ ጽጌ፣ ይተዉ» አለ አዘዘ፣ ጠመንጃውን ሳያነሣ። «ልጅዎን ያስቡ።»

«እሷን ነው የማስበው» አሉና ቁልፉን አዞሩ። በሩ ወለል አለ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ ደጁን ለሞላው ገበያተኛ በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ፦

«ግቡ! ግድግዳየን ኖራ አላስቀባም! አስማማውን የገደለው ማን እንደሆነ እዩና ለየአገራችሁ ንገሩ!»