በእማማ ኪዮኖ ስም የተጻፈችው መስመር

«የከተማው የአረጋውያን መኖሪያ ከእኔ ቤት አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚርቀው እኮ! እናቴን በየሳምንቱ እጠይቃታለሁ» አለ ኢሳኦ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እናትዎ ትልቁን ከተማ አያውቁትም፣ አቶ ኢሳኦ። እዚሁ የአረጋውያን መኖሪያ ቢገቡ ይሻላል፤ ቢያንስ የለመዱት ሰው አለ» አለች የእንክብካቤ አስተባባሪዋ ኖናካ።

«የለመዱት ሰው! እኔ ልጇ አይደለሁም?»

የሚከራከሩባቸው የሰማንያ አንድ ዓመቷ እማማ ኪዮኖ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው በሁለቱ መካከል ተቀምጠዋል። ዳሌያቸው ተሰብሮ ወደ ማገገሚያ ማዕከሉ ከገቡ አራት ወራቸው ነው። ከመስኮቱ ውጭ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ እሳቸው የሚታያቸው ግን ባሕሩ ዳር ያለው ቤታቸውና ካኪ የሚባል ጣፋጭ ፍሬ የሚያፈራው የጓሮው ዛፍ ነው። ኅዳር ገብቷል፤ ፍሬው ቀልቷል። በዚህ ሰሞን ተልጦ፣ በክር ታስሮ፣ እንዲደርቅ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ካልተሰቀለ ቁራ ይጨርሰዋል። ከተዳሩ ጀምሮ ካኪ ሳይልጡ ያለፈ ኅዳር የለም። አሁንም ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ የሌለ ፍሬ ይልጣሉ።

«ወደ ቤታቸው መመለስ እንደማይችሉ ግን ተስማምተናል» አለች ኖናካ። «የፊት በሩ ደረጃ አለው፤ ወንበሩ አያልፍም።»

«በእሱስ ተስማምተናል።»

ኢሳኦ ከኪሱ የእናቱን ማኅተም አወጣ። በአገራቸው ወረቀት የሚጸናው በማኅተም ነው፤ እናቱ ከወደቁ ወዲህ ማኅተሙ ከእሱ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።

ኖናካ ከመታተሙ በፊት እንደ ልማዱ የእንክብካቤ ዕቅዱን ጮክ ብላ አነበበች። «የባለጉዳይዋ ፍላጎት፦ በሰላምና ያለ ስጋት መኖር።»

«ማነው እንዲህ ያለው?» አሉ እማማ ኪዮኖ።

ሁለቱም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ። ማለቴ... እኔ ነኝ ያስጻፍኩት። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስጽፈው።»

«በሰላምና ያለ ስጋትማ አባትህም መቃብሩ ውስጥ ተኝቷል። እኔ ካኪዬን መላጥ ነው የምፈልገው።»

ኢሳኦ ሊስቅ ነበር፤ የእናቱን ዓይን ሲያይ ዋጠው። «ደረጃውንስ ምን እናድርገው?»

«የምን ደረጃ? በፊት በር የሚገባ እንግዳ ነው! አንተ በአሥራ ስምንት ዓመትህ ወጥተህ እንግዳ ሆነሃልና በዚያ ግባ። እኔ የምገባው በጓሮው በረንዳ ነው። ቁመቱ ከዚህ ወንበር እኩል ነው። ከወንበር ወደ አልጋ መሸጋገር በየቀኑ የሚያለማምዱኝ ለጌጥ ነው እንዴ?»

ኖናካ ዕቅዱ ላይ ያለችውን መስመር መልሳ አየቻት። ያችን መስመር በዚያችው ዓረፍተ ነገር ለስንት ሰው እንደሞላች አታስታውስም።

«እማማ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ፣ ልጄ?»

ኖናካ ፊቷ ቀላ። መስመሯን ሰርዛ የእማማን ቃል እንዳለ ጻፈችው። ኢሳኦም ማኅተሙን በሁለት እጁ ለእናቱ መለሰ። እማማ ራሳቸው አተሙ።

ወገኖቼ፣ ሕመም የሰውን እግር ሊያስር ይችላል፤ ስለ ገዛ ኑሮው የሚያውቀውን ግን አይወስድበትም። የምንወዳቸውን ሰዎች ሳንጠይቅ ስንወስንላቸው ቤታቸውን የምንዘጋባቸው እኛው ነን።

በሳምንቱ እማማን ለሙከራ ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። እሳቸው እንደተቀመጡበት ወንበሩን ከጓሮው በረንዳ አስጠግተው፣ ኢሳኦ መሰላል ላይ ወጥቶ ካኪውን ይቀጥፍ፣ ኖናካም በቅርጫት ትቀበል ጀመር።

«አልጋዋን መስኮቱ ሥር ነው የማደርገው» አለ ኢሳኦ።

«መጸዳጃው አጠገብ ቢሆን አይሻልም?»

«ኧረ ይበርዳታል!»

ኖናካ ሳቀች። «ደግሞ ጀመርን። እሳቸውን እንጠይቃቸው እንጂ።»

«እውነትሽን ነው። ይቺን ቅርንጫፍ ልጨርስና።»

ቅርጫቱ እየሞላ ነው። ከኋላቸው፣ ከበረንዳው ጠርዝ ጋር ተጋጥሞ፣ ፍሬኑ የተያዘው ተሽከርካሪ ወንበር ባዶውን ቆሟል። ከቤቱ ውስጥ ወለሉ ላይ የመንፏቀቅ፣ ቀጥሎም የመሳቢያ ድምፅ ተሰማ፤ ቢላዋ የሚፈልግ የእማማ እጅ ነበር።