ነጩ የቅል አበባ

«ውሸታም!» አለች ሰይዳ፣ በባልዲው የቀረውን ውሃ ቅሉ ሥር ደፍታ። «የታለ ነጩ? እስቲ አሳየኝ!»

ኦጆት በሸምበቆው አጥር ላይ የወጣውን ሐረግ ተመለከተ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ሲነኩት እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። አበባ ግን የለበትም። እዚህም እዚያም የተጨማደዱ፣ ቡናማ የሆኑ ነገሮች ብቻ ተንጠልጥለዋል።

«የሚያብበው ማታ ነው» አለ በመጨረሻ።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳቁ።

«ማታ? ለማን ብሎ? ለጅብ?» አለ የጤና ረዳቱ ልጅ ተሰማ።

«ለባሮ አዞ ነዋ!» አለ ሌላው፣ ሳቁም እንደገና ፈነዳ።

ሰይዳ አልሳቀችም። የክፍሉ የአትክልት አለቃ እሷ ናት። ዳይሬክተሩ ለየክፍሉ አንዳንድ የአበባ ቀለም ሲያድሉ አምስተኛ ክፍል ቀይ፣ ሰባተኛ ክፍል ቢጫ፣ ስድስተኛ ክፍል ነጭ ደረሰው። ቅዳሜ ጠዋት ከጎሬ በአውሮፕላን የሚመጣው ኢንስፔክተር አትክልቶቹን አይቶ ላሸነፈው ክፍል እውነተኛ የቆዳ ኳስ ይሰጣል። ኅዳር ላይ ኦጆት ከእናቱ የተቀበለውን ዘር በጨርቅ ቋጥሮ አምጥቶ «ነጭ ነው፣ ብዙ ነጭ» ሲላት ቃሉን አምና አጥሩን በሙሉ ለእሱ ቅል ለቀቀችለት። ሁለት ወር ከባሮ ወንዝ ውሃ አመላለሱ። እሷ ግን ቅሉን የምታየው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፤ ከትምህርት በኋላ የአባቷ ሱቅ አለባት። እናቷ በጓሮ የምትተክለው ዱባ አበባውን ጎህ ሲቀድ ይከፍታል። ቅልም ያው የዱባ ዘመድ ነው፣ ምን የተለየ ነገር ሊያደርግ?

መምህርታቸው ሚስ የሺአረግ እጃቸውን አጨበጨቡ። «በቃ ልጆች! ሰይዳ፣ ነገ ከትምህርት በኋላም ነጭ ነገር ካልታየበት ንቀይው። ጎረቤታችን ወይዘሮ አልማዜ ነጭ ጽጌረዳዎቻቸውን ከነጣሳው ያውሱናል።»

«የእናቴ ዘር ነው» አለ ኦጆት ቀስ ብሎ። ደወሉ ተደወለና ማንም አልሰማውም።

ማግስቱ ዓርብ ነበር። አባቷ ሳኒ ከመስጊድ ሲመለስ ሱቁ ቀዝቀዝ ብሎ ስላገኘው «ሂጂ፣ ትምህርት ቤት ያለብሽን ሥራ ጨርሺ። መግሪብ ሳይደርስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን እቤት!» አላት። ማጭዱን ይዛ ወጣች።

ግቢው ጭር ብሏል። የወይዘሮ አልማዜ ጽጌረዳዎች በዘይት ጣሳዎቻቸው ውስጥ ማንጎው ሥር ተደርድረዋል። የቅሉ ግንዶች ሦስት ናቸው። ሰይዳ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ከሥሩ ቆረጠችው። ከአጥሩ ልትጎትተው ስትል ዓይኗ አጠገብ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ነፋስ መስሏት ነበር። ነፋስ ግን አልነበረም። ረዘም ባለ አንገት ላይ የቆመ እምቡጥ ቀስ እያለ እየተፈታ ነው። እንደ ታጠፈ መሐረብ የተሸበሸቡት ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ፤ አምስት ናቸው፣ ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ። ቀና ስትል ከበላዩ ሌላ አለ። ከዚያ በላይ ሦስት። ፀሐይዋ ከባሮ ማዶ ወዳለው ዛፍ ስትወርድ አጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈካ ጀመር። አንድ ትልቅ የእሳት ራት እያጉረመረመ መጥቶ ምላሱን ዘረጋ።

«ያ አላህ!» አለች፣ ብቻዋን ሳቀች። ወዲያው በእጇ ያለውን ማጭድ አየችና ሳቋ ቆመ።

ኦጆት ባልዲ ተሸክሞ ከኋላዋ ቆሟል።

«ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ውሃ ላጠጣ።»

«እንደሚነቀል እያወቅህ?»

«ተጠምቷል» አለ፣ ሌላ ምክንያት የሚያስፈልግ አልመሰለውም። ከዚያ የተቆረጠውን ግንድ አየ። ባልዲውን አስቀመጠ። «ይህ ረጅም አንገት ያለው ቅል የሚያፈራው ነው። እናቴ ውሃ የምትቀዳበት ዓይነት።»

«ኦጆት፣ እኔ… አላመንኩህም። ዱባ መስሎኝ። ውሸታም ያልኩህም…»

እሱ ሐረጉን ከመሬት አንስቶ መልሶ አጥሩ ላይ ሰቀለው። «ዛሬ ያብባል። ነገ ነው የሚሞተው። ዛሬ ግን አላወቀም።»

የቆረጠችው ሐረግም እምቡጦቹን ከፈተ። ሰይዳ ይህን ካየች በኋላ ሊያስቆማት የሚችል አልነበረም። ሮጣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የሚኖሩትን ሚስ የሺአረግን ጠራች፣ ተሰማን ከነጓደኞቹ ከኳስ ሜዳ አመጣች። መንገድ ላይ ያገኘቻቸውም ተከተሏት። አሥር ይሆናሉ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ወደ አበባው ተጠጉ።

«ጉድ!» አሉ ሚስ የሺአረግ፣ የጀመሩትን ሹራብ በእጃቸው እንደያዙ። «ለካ ስናስተምር ተኝቶ ነው!» ከዚያ ፊታቸው ትንሽ ጨለመ። «ኢንስፔክተሩ ግን የሚመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ምን ይሻላል? አለቃዋ አንቺ ነሽ።»

«ቀላል ነው» አለ ተሰማ። «ጽጌረዳውን ፊት ለፊቱ እንደርድር። ማን ያውቅብናል?»

«እኛ» አለች ሰይዳ። «ጽጌረዳው የወይዘሮ አልማዜ ነው። እኛ ያበቀልነው ነጭ ይሄ ነው።»

«ኳሱስ?»

«ኳሱ ሊቀር ይችላል። ብቻዬን አልወስንም፣ እናንተ በሉ።»

ተሰማ አፍንጫው ሥር አንድ እምቡጥ ሲፈታ እያየ ነበር፤ መጀመሪያ አንዱ ቅጠል፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ። የመጨረሻው ሲዘረጋ ሳያውቀው «በል፣ በል!» አለና ሁሉም ሳቁበት።

«እሺ፣ ጽጌረዳውን ተዉት!» አለ እሱም እየሳቀ። «በጨርቅ ኳስ አልተጫወትንም እንዴ? ኦጆት፣ ግን ለምን ጎትተህ አላመጣኸንም?»

«ሳቃችሁብኝ» አለ ኦጆት። ሳቁ ጋብ አለ። እሱ ግን ተሰማን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ጅቡ አንተ ነህ» ሲለው ግቢው እንደገና በሳቅ ተናወጠ።

ሚስ የሺአረግ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ነገ ዳይሬክተሩና ኢንስፔክተሩ እዚህ ቆመው አጥሩ ባዶ ሲሆንባቸው፣ የሆነውን ሁሉ ማን ያስረዳል? የተቆረጠውንም ጭምር።»

ከከተማው ወገን የመግሪብ አዛን መሰማት ጀመረ፤ አባቷ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቃት ሰይዳ ታውቃለች።

«እኔ» አለች። አንድ አበባ ገና እየተከፈተ ስለነበር እሱ እስኪጨርስ ድረስ ብቻ ልትቆይ ኦጆት አጠገብ ቁጢጥ አለች።